የሹፌሩ ህልም

የወሰዱኝ ከለቅሶ ድንኳን ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ወጣት ሞቶ ነበር፤ አሟሟቱን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እኔ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነስቼ ከእንጦጦ ማርያም በታች ካለው መንደራችን ጀምሬ እየነፋሁ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እጠራለሁ። ያን ቀንም እንደ ሁልጊዜው ነፋሁ። ሰዉ ግን እንደ ሁልጊዜው አልሆነም፣ በዛ። ከኮተቤ መጣ፣ ከላምበረት መጣ፣ ሟቹን በመልክ የማያውቀው ሁሉ መጣ። ከቀብር መልስ ሁለት ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ንፍሮ ሰጠኋቸው። ዘግነው በሉና፣ "አባባ፣ እስቲ አንዴ ከእኛ ጋር ይምጡ" አሉኝ።

"ሕዝብ ቀስቅሰዋል" አለኝ ጣቢያው ውስጥ ቃሌን የሚጽፈው ሰው።

"ቀስቅሼያለሁ፣ ለቀብር" አልኩት።

አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ጻፈ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ይመስለኛል፤ ግድግዳው ላይ የተነቀለ መደርደሪያ ጠባሳ ነበረበት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከጣሪያው ሥር ሽቦ የተወጠረባት ትንሽ መስኮት አለች፤ በእሷ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፍ ይታያል። ነፋስ ሲኖር የዛፉ ሽታ ይገባል፤ ነፋስ ከሌለ የባልዲው ሽታ ነው ያለው። ተኝቶ ጎን ለመቀየር የፈለገ ሰው ጎረቤቶቹን ሁሉ ቀስቅሶ አብሮ ማገላበጥ አለበት።

ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ወጣ። ሦስቱን ብቻ ልንገራችሁ፤ ስማቸውን አልጠራም። አንዱ ኮተቤ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ቀጭን፣ መነጽሩን ወስደውበት ሰው ሲያይ ዓይኑን የሚያጠብ። አንዱ ከደቡብ መጥቶ ላምበረት ሱቅ የከፈተ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ሲርበውም ሲመቱትም ይቀልዳል። ሦስተኛው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የምነግራችሁ የእሱን ነገር ነው።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ልማድ ነበረ። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ሁሉም እንደተቀመጠ ህልሙን ይናገራል። ሌላስ ምን ይወራል? ዜና የለም፣ ዛሬም ያው ትናንት ነው። አዲስ ነገር ያለው እንቅልፍ ውስጥ ብቻ ነው። አንዱ "ህልም አየሁ" ሲል ሌላው "መልካም ነው፣ መልካም ያድርገው" ይለዋል። ሽማግሌ ነኝና እኔን ፈቺ አደረጉኝ።

"እኔ እኮ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰው ነኝ" ብላቸው፣ ነጋዴው፣ "ህልም በሰርተፊኬት ነው እንዴ የሚፈታው አባባ?" አለኝ።

መፍታቱስ አይከብድም። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ክፉ አድርገህ ከፈታኸው ክፉ ይሆናል፣ ደግ አድርገህ ከፈታኸው ደግ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ደግ እመልሰዋለሁ። ወንዝ የተሻገረ ከእስር ይወጣል። ከገደል የወደቀ ዕድሜው ይረዝማል። ነጋዴው ደግሞ በየቀኑ የሚያልመው ሥጋ ነው።

"ዛሬስ ምን በላህ?"

"ቁርጥ ነዋ አባባ። ከነጮማው።"

"ጥሬ ሥጋ እንኳ በህልም ደግ አይደለም።"

"እንግዲያው አብስለው ይፍቱልኝ!"

ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። መምህሩ አንድ ቀን፣ "ሐኪሞች የሚሉት፣ ሰው ሲተኛ አእምሮው የቀኑን ጓዝ እያነሳ በየቦታው ያስቀምጣል ነው፤ ህልም የዚያ ኮሽታ ነው" አለን። ነገሩን ወደድኩት። "የእኛ ጓዝ ታዲያ ማስቀመጫ አላገኘም" አልኩት።

ሹፌሩ ብዙ አይናገርም ነበር። የያዙት መሣሪያ ጭነሃል ብለው ነው። መኪናውን ፈትሸው ምንም አላገኙም። ከዚያ ወዲያ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያው መስመር የሚነዳው ባልንጀራው መሣሪያ ሲጭን አይቻለሁ ብሎ እንዲፈርም። አላየም። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ጫማ እንቢ ብሎት ነበር፣ ግን አልፈረመም። ከዚያ መርማሪው ዱላውን ተወና በለስላሳ መጣ። "እናትህ ታማለች። ስምህን እየጠራች ነው። ፈርምና ዛሬውኑ ሂድላት" አለው።

ሹፌሩ አባት የለውም፣ ሚስት አላገባም። ከአንዲት እህቱ ሌላ እናቱ ናት ያለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ሲመጣለት አንድ ጉርሻ ጎርሶ ያስቀምጠዋል።

"ምነው?" ስለው፣ "ሽሮው እጁ ሌላ ነው። እህቴ ትሆናለች የሠራችው፤ እናቴ አሟታል ብለዋል እኮ" አለኝ፤ ሳህኑንም ወደ ነጋዴው ገፋው።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ምግብ ይዛ መጣች። በመጠየቂያው ሽቦ ማዶ ለአንድ አፍታ እንተያያለን፤ ፖሊሱ መሀላችን ይቆማል። ፖሊሱ ዞር ሲል ፈጠን ብላ፣ "የሹፌሩ እናት አርፈዋል፤ ተቀብረዋል" አለችኝ።

"መቼ?"

"ቆይቷል። እህቱ በር ላይ አግኝታ ለምናኛለች። እስኪወጣ ድረስ እንዳይሰማ፣ አደራ ብላለች።"

"በቃ" አለ ፖሊሱ።

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። በእኛ ወግ እስረኛና መንገደኛ መርዶ አይነገረውም። ዘመድ በሌለበት፣ ከግራ ከቀኝ የሚይዘው ሳይኖር፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም። ስንቱን ቤት በማለዳ አንኳኩቼ መርዶ የነገርኩ ሰው ነኝ፤ ወጉን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ሳይጠየቅ፣ "ህልም አየሁ" አለ።

"መልካም ነው፣ መልካም ያድርገው" አልን።

"ላምበረት መናኸሪያ ነው። መሪ ይዣለሁ፣ ሰው ሞልቷል። ቀና ብዬ በስፖኪዮ ሳይ እናቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ነጭ በነጭ ለብሳለች። ዞር ብዬ ሳይ ወንበሩ ባዶ ነው። መልሼ በስፖኪዮ ሳይ ግን አለች። ዞር ስል የለችም። መንገዱን ሙሉ እንዲሁ ሆንኩ። ይፍቱልኝ አባባ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አፌ እንደለመደው ሄደ። "መልካም ነው ልጄ። መሪው በእጅህ ነው፣ እሷም መኪናህ ላይ ናት። ታደርሳታለህ ማለት ነው" አልኩት።

ፊቱ በራ። ከገባ ጀምሮ እንዲያ ሲበራ አላየሁም።

"እንግዲያው ተቆርጧል። ነገ ሲጠሩኝ እፈርማለሁ" አለ።

ነጋዴው ለመቀለድ ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋ። መምህሩ በቀስታ፣ "ባልንጀራህ ልጆች አሉት ብለኸን ነበር" አለው።

"አሉት። እኔ ደግሞ አንድ እናት ነው ያለኝ።"

ለሽንት ሲያወጡን መምህሩን ወደ ግድግዳው ሳብ አድርጌ የሰማሁትን ነገርኩት።

"ይንገሩት አባባ" አለኝ።

"አደራ አለብኝ። ደግሞም እስረኛ ነው። ዘመድ የለውም እዚህ።"

"ካልነገሩት ለሞተች እናት ብሎ በሕይወት ያለ ሰው ሊሸጥ ነው። ነገ ፈርሞ ቤቱ ሲደርስ ምን ይሆናል?"

"በአንድ ጊዜ ቢሰማውስ? ልቡ ቢከዳው?"

"እሱ እኮ ያውቃል" አለ መምህሩ። "ሽሮውን ሲቀምስ ነው ያወቀው። ነቅቶ እያለ ለራሱ ሰበብ ይሰጣል። ሲተኛ ግን ሰበብ የሚሰጥለት የለም። ህልሙ ሌላ ምንድን ነው?"

ፖሊሱ ጮኸብንና ገባን። ቀኑን ሙሉ ሹፌሩን እያየሁ ዋልኩ። ጢሙን በጣቱ ያበጥር ነበር፣ እናቱ ፊት እንዴት ሆኖ እንደሚቀርብ ያስብ ይመስል።

መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። መስኮቷ ሳትነጣ ተነስቼ ነጋዴውንና መምህሩን በእጄ ነካሁ። ለነጋዴው በጆሮው ሹክ አልኩት፤ "ኢና ሊላህ" አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ ሆነው ሹፌሩን አጅበው ተቀመጡ። እሱ ሲነቃ ሰውነታቸው ሰውነቱን ነክቶት ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

"ልጄ፣ የትናንቱን ህልምህን አበላሽቼ ነው የፈታሁት" አልኩት። "እንደገና ልፍታልህ።"

ጋቢውን ወደ ደረቱ ሳበ።

"ዞር ስትል ባዶ የሆነው ወንበር፣ እሱ ነው እውነቱ።"

ሁለቱ ክንዱን ያዙት። ለመነሳት የሞከረ መሰለኝ፤ ግን አልተነሳም። "ሽሮው" አለ። "ሽሮው ነግሮኝ ነበር።" ከዚያ ግንባሩን መምህሩ ጉልበት ላይ ደፋ።

ክፍሉ ሁሉ ነቅቶ ነበር። ማንም ሳያዘው ሁሉም ተነስቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጠው። ሹፌሩ ድምፁን ሲያወጣ ጠባቂው በሩን በእርግጫ መታው።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ለቅሶ ነው" አልኩት። "እናቱ አርፈዋል።"

ጠባቂው ከገጠር የመጣ ልጅ ነው፣ በአነጋገሩ ይታወቃል። "በቀስታ አልቅሱ" አለና ሄደ።

በቀስታ አለቀስን። ሰዎቹ እናቱ ምን ዓይነት ሴት እንደነበሩ ጠየቁት፣ እሱም ነገራቸው። ጉሊት ቸርችረው እንዳሳደጉት፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን አውቶቡሱን በእጃቸው እንደዳበሱት፣ እንደ በሬ። ይህን ሲናገር ሳቅም ለቅሶም ቀላቀለ።

ፀሐይ ስትወጣ ስሙን ጠሩ። ተነሳ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አየው፣ ከዚያ ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሐዘንተኛ አጣፋው። ምንም ሳንባባል ጋቢ ያለን ሁሉ ዘቀዘቅን። ነጋዴው ጋቢ አልነበረውም፤ ብርድ ልብሱን ዘቀዘቀ፣ በላዩ የታተመው አንበሳም በአናቱ ቆመ። ማንም አልሳቀም። ነጋዴውም አልሳቀም። ሹፌሩ በመሀላችን አለፈና ባበጠ እግሩ ቀስ እያለ ወጣ።

የተመለሰው ከቀትር በኋላ ነው። ጋቢው የለም። በሸሚዝ ነው፣ ከንፈሩ ተተርትሯል። ውኃ ሰጠነው። መጀመሪያ አጉመጥምጦ ደሙን ተፋ፣ ከዚያ ጠጣ።

"መርማሪው ወረቀቱን አቀረበልኝ" አለ። "እስኪርቢቶውንም። ቀና ሲል ጋቢዬን አየ። ፊቱ ተለወጠ። 'ማነው የነገረህ?' አለኝ።"

የባለቤቴ ፊት በሽቦው ማዶ ታየኝ። "ምን አልከው?" አልኩት።

"ህልም አየሁ አልኩት። 'ማን ፈታልህ?' አለኝ። 'ህልሙ ራሱ ነው የተፈታው፣ ፈቺ አላስፈለገውም' አልኩት።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነው። መምህሩ የጋቢውን እኩሌታ አለበሰው። የወረቀቱ የፊርማ ቦታ ባዶውን ቀርቷል።

በሠልስቱ ቀን ጠዋት፣ ገና ህልም ሳንነጋገር፣ በሩን ከፍተው ሹፌሩን ዕቃህን ያዝ አሉት። ዕቃ የለውም። ወዴት እንደወሰዱት የነገረን የለም።

እኔን አንድ ቀን "ውጣ" አሉኝ። ለምን እንደገባሁ እንዳልገባኝ፣ ለምን እንደወጣሁም አልገባኝም። ቤቴ ገብቼ ብዙም ሳልቆይ የሹፌሩ እህት ዳገቱን በእግሯ ወጥታ መጣች፤ መርዶውን እንደነገርኩት ከአንድ የተፈታ ሰው ሰምታ ነበር። ቀይ አበባ ያለበት ሻርፕ ተከናንባለች። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥ አለች።

"አደራ ብዬ አልነበረም አባባ? እስኪወጣ ብዬ አልለመንኩም?"

"ለምነሻል ልጄ። አፍርሼዋለሁ።" ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ ከስፖኪዮው እስከ ወረቀቱ ነገርኳት። መሀል ላይ ተቀመጠች።

ስጨርስ፣ "አለቀሰ?" አለችኝ።

"አለቀሰ። በወጉ። ከግራ ከቀኝ ይዘነው፣ ሰው ተቀምጦለት።"

እጇ ወደ ሻርፑ ሄደ። "እኔ እሱ እንዳያውቅ ብዬ፣ በየእስር ቤቱ በር ስሄድ ይህን ነው የምለብሰው። ማቄን ከሥር እደብቀዋለሁ። አሁን ታዲያ… ላውልቀው?"

"አውልቂው" አልኳት። አወለቀችው። ከሥሩ ያለው ጥቁር ሻሽ በላብ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ ነበር። ባለቤቴ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሴቶቹ አለቀሱ፣ እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ወንድሟን ከብዙ ፍለጋ በኋላ አግኝታዋለች፣ ሩቅ ነው ያለው፣ አልተፈታም። ባልንጀራው ግን ዛሬም ይነዳል ይባላል። እኔ አላውቀውም።

ህልም ለምን እንደተፈጠረ ዕድሜዬን ሙሉ አልገባኝም፤ አሁንም ገብቶኛል አልልም። ሰው ግን ዛሬም ህልሙን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። እንደ ድሮው ቸኩዬ ደግ ደጉን መናገር ትቻለሁ። መጀመሪያ አስቀምጠዋለሁ። "አንተ ራስህ ምን መሰለህ?" እለዋለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ። አንዳንዱ ብዙ ያስጠብቃል፤ ችግር የለም፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ።