ቆብ የደፋው ጥርስ

ሐኪሟ «ሽፋን» ነው ያለችው። «ቆብ» ያልሁት እኔ በላይነህ ነኝ፤ ይህን እግዚአብሔርም ትርንጎም ያውቃሉ።

የጋፋቱ የድጓ መምህር መሪጌታ ጥበቡ አብሮ አደጌ ነው። ድምፁ ሲነሣ የሚያርስ ገበሬ ሞፈሩን ይዞ ይቆማል። ከድምፁ ሌላ ጥሪት የለውም፤ ተማሪ የሚሰበሰብለትም፣ ትርንጎ ያገባችውም በእርሱ ነው። በመልኩስ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ቆሎ ውስጥ የቀረች ጠጠር የታች መንጋጋ ጥርሱን ሰነጠቀችበትና ደብረ ታቦር ከተማ ይዤው ሄድሁ። ሐኪሟ ርብቃ ጥርሱን ሞርዳ ብረት አለበሰችው። «የኔታ፣ ከሽፋኑ ሥር ያለው ጥርስ ሕያው ነው» አለችው። «በውስጡ ነርቭና ደም አለ። ስንጥቁም ሙረዳውም ጎድቶት ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላ ሊታመም ይችላል። ያን ጊዜ ቶሎ ከመጡ ሥሩን አጽድተን እንደፍነዋለን፤ ጥርሱም ይተርፋል። ትኩስ ነገር ከጠዘጠዘዎት አይቆዩ።»

እኔ መቼ አፌ ያርፋል! ገና ከበሩ ሳንርቅ፣ «ጥርስህማ ቆብ ደፋ! ቆብ የደፋ ለዓለም የሞተ ነው፤ ከእንግዲህ ምን ያመዋል?» አልሁት። መነኩሴ ሲመነኩስ ግንዘት ተደግሞለት እንደ ሙት ይቆጠራልና ጨዋታው ለካህን ይጥማል። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በ2014 ሐምሌ ላይ ትኩስ ሾርባ ያስጮኸው ጀመር። ትርንጎ «ያ ጥርስ ነው» ብትለው፣ «እርሱማ ቆብ ደፍቷል፤ ይህ የጆሮ ብርድ ነው» አላት። ጆሮውን በነጠላ ጠቅልሎ ዳማከሴ ይጨምቅበት ገባ። እኔም እየሰማሁ አላረምሁትም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ፍልሰታ ሲገባ ሕመሙ ድንገት ጠፋ። እርሱ አመሰገነ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ሞኙ። ለካ ነርቩ ሞቶ ኖሯል። የሚጮኸው ስለ ሞተ ነው ዝም ያለው፤ መግሉ ግን በሥሩ በኩል ወደ አጥንቱ ይወርድ ነበር።

የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ሐሙስ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ዜማውን ሊመራ መቋሚያውን ይዞ ቆመ። አፉ ጣት እንኳ የሚያስገባ ያህል አልከፈት አለው። አገጩ ሥር አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶት በነጠላው ይጠርጋል። ተሸክመን ርብቃ ዘንድ አደረስነው።

አንገቱን ስትዳስስ ፊቷ ተለወጠ። «የጥርሱ ነገር አሁን ቀርቷል። እብጠቱ ጉሮሯቸውን ሳይዘጋው ባሕር ዳር አድርሷቸው፤ አሁኑኑ! ለምን እስከዚህ ቆዩ?» አለች። ትርንጎ ዞራ እኔን አየችኝ።

ርብቃ በጠራችው አምቡላንስ ውስጥ ጥበቡ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ያልመራውን ዋዜማ በጣቱ ጉልበቴ ላይ ይመታ ጀመር። ወረታን ስናልፍም ይመታ ነበር። ፈራሁ፤ እንዳያቆም በልቤ አብሬው አዜም ነበር። ሐሙሲት ስንገባ ከገበያ የሚመለስ ከብት መንገዱን ሞላው። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ የጥበቡ ጣት ቆመ።

«ጥበቡ! ሐሰት ነው፣ ቆቡን እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ ጥርሱ ሕያው ነበር!» ብዬ ጮኽሁበት።

ዐይኑ ያየኛል። ከብቱ ገና አላለፈም።