ቃሬዛ ላይ የወጣችው ብስክሌት

የደረቀ የብስክሌት ሰንሰለት ሲጥ ሲጥ ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ አባቴ ከጤና ጣቢያ ተመልሶ ብስክሌቱን ከአጥራችን ሲያስደግፍ ይታየኛል። መካነ ሰላም ላይ ድሬሰር ሆኖ ቁስል ያጥብ፣ መርፌ ይወጋ ነበር፤ አገሬው ግን «ዶክተር» ይለው ነበር።

በድርቁ ዓመት በጋው ሲገባ ከከተማው በታች ባሉት ሁለት የረኃብተኛ መጠለያዎች ግርሻ፣ ለቀቅ እያደረገ የሚመላለሰው የቅማል ትኩሳት፣ ገባ። አባቴ የመድኃኒት ሳጥኑን ከብስክሌቱ ኋላ ጭኖ በየጠዋቱ ይወርድ ነበር፤ ሳጥኑን የምታስረው እናቴ ነበረች፣ ታናሽ እህቷ እትየ ዘውዴ ከሩቁ መጠለያ ታማ ተኝታ ነበርና። አውራ ጎዳናው ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ተንዶ፣ ለመንገደኛ የቀረው የድንጋይ ደረጃና ከግርጌው በጎዳናው ሥር የሚሾልክ የውኃ መውረጃ ዋሻ ብቻ ነበር። ብስክሌቷ ከባድ ብረት ናት፣ የአባቴ ቀኝ ክንድ ደግሞ ተሰብሮ በወጉ አልተጠገነም፤ ስለዚህ ከላይ ትቷት በእግሩ እየወረደ፣ ቅርቡን መጠለያ ብቻ አይቶ ይመለስ ነበር። ማታ ማታ እናቴ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፣ እሱም አጎንብሶ ጫማውን ይፈታል።

አንድ ጠዋት እናቴና እኔ ለአክስቴ በሶ ይዘን ተከተልነው። ቤታቸው ከደረጃው አናት የሆነው ሼህ ይማም ብስክሌቷን አየት አድርገው፣ «ዶክተር፣ መሄድ አቃታት?» አሉት።

«ደረጃ አትወርድም፣ ሼህ።»

«ታዲያ መሄድ ያቃተውን እንደምናደርገው ነዋ። ቃሬዛ አምጡ።»

ብስክሌቷ በጠፍር ታሰረች፤ ልማድ ሆኖባቸው ጋቢም ጣል አደረጉባትና አራት ሰዎች አነሷት። በእኛ አገር ቃሬዛ ያጋጠመው መንገደኛ ሸክሙን አስቀምጦ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም፤ ረኃብ ያከሳቸው ሰዎች ሳይቀሩ እየተቀያየሩ ያዟት። እንጨት ተሸክማ የምትወጣ ሴት ቆም ብላ፣ «አላህ ያሽረው፤ ማነው?» አለች።

«የዶክተር በቅሎ ናት፣ ደረጃ አይታ ደንግጣ ነው» አላት ከፊት የያዘው።

«እኔ ሰው መስሎኝ ዱዓ ጀመርኩ እኮ።»

«ጨርሽላት፣ ሩቅ መንገድ አለባት።»

እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት። ዋሻው ውስጥ መሪዋ ግድግዳውን ነክሶ አላስኬድ ሲል አባቴ ፈትቶ አጠፈው፣ በወዲያኛው በኩል ብርሃን ላይ ሲወጡም መልሶ አሰረው። እናቴ በሶውን ሳጥኑ ላይ ቋጠረችለት፣ እሱም ተፈናጥጦ ሄደ።

አመሻሹ ላይ ሲመለስ ጫማውን ሳይፈታ ተናገረ፦ «ክኒኑን ውጣለች። በሶው ጨው አንሶታል ብላለች።»

«ጨው አንሶታል ካለች ትድናለች» አለች እናቴ፣ ነጠላዋንም ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ክረምቱ ሳይገባ መንደርተኛው የደረጃውን አንድ ዳር በጠጠርና በአፈር ሞልቶ ለጎማ የምትበቃ ቀጭን መንገድ አበጀ፣ የዋሻውንም ደለል ጠርጎ አወጣ። አብዮቱ መጥቶ ዘማች ተማሪዎች በዚያ ሲያልፉ አንዱ «ይህን ማን አሠራችሁ?» ቢላቸው፣ ሼህ ይማም «አንድ በሽተኛ ነበረችን» አሉት።

ዛሬ ጎዳናው ተጠግኗል፤ ታማሚም በመኪና ሽው ብሎ ያልፋል፣ ትከሻ የሚጠይቅ የለም፣ በዚህም አልከፋም። ደረጃው ግን እንዳለ ነው። እትየ ዘውዴ ጉልበቷን እያመማት ከወንዝ ስትመለስ፣ ደረጃውን ትታ በዳሩ፣ በብስክሌቷ መንገድ፣ ቀስ እያለች ትወጣለች።