ከወፍጮው ሥር ያለው ጅብ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ወፍጮ ሲፈጭ ነው። የአያቴ የአባባ ደምሴ አፍ ድንጋዩ ካልዞረ አይከፈትም ነበር። እኛ የምንኖረው መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ በጥር የትምህርት ቤት ዕረፍት ግን አባቴ በሞላሌ በኩል ይዞኝ ይወርድና ቅድመ አያቴ ከሠሩት የድንጋይ ቤት አድርሶኝ ይመለሳል። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ እቀመጥበት ነበር። ከታች በጎቹ፣ ከላይ እኛ እናድርበታለን፤ ብርዱ ሲበረታ የበጎቹ ሙቀት በወለሉ ሽንቁር ወደኛ ይወጣል። ከቤቱ ቁልቁል ሲወርዱ ወንዙ ዳር የውሃ ወፍጮው አለ።

ያኔ ሞላሌ የናፍጣ ወፍጮ ከገባ ቆይቷል። ቢሆንም የአካባቢው ሴቶች «የናፍጣው ዱቄት ይሸታል» እያሉ ገብሳቸውን ወደ አባባ ያመጡ ነበር። የሚያሰጋው አጎቴ ሽመልስ ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር እህሉ አልቆ ድንጋዩ ባዶውን ሲዞር አባባ ሳይነሱ ቀርተው ጠርዙ ተሸርፎ ነበር። አጎቴም «ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ የወፍጮውን ቦይ ደፍኜ ሞላሌ እኔ ቤት እወስድዎታለሁ» ብሎ ማለ። አባባ ታዲያ «ሞላሌ ሄጄ ምን ልሁን? መንገድ ዳር ተቀምጬ አውቶቡስ ልቆጥር?» ይላሉ። ይሉታል እንጂ ፊታቸው ላይ የነበረውን ፍርሃት እኔም አይቼዋለሁ።

ሊመሽ ሲል ፍም በገል ተደርጎ መሃላችን ይቀመጣል፣ ኩራዙ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ሴቶቹ ተራቸውን እየጠበቁ ስልቻቸውን ይደገፋሉ፣ በዱቄቱ ብናኝ የሁላችንም ቅንድብ ነጭ ይሆናል፤ ያኔ አባባ ይጀምራሉ። አንድ ጅብ ነበር አሉ፤ የአንዲትን ምስኪን ባልቴት አህያ እህል ተሸክማ ወደ ወፍጮ ስትወርድ ጠብቆ በላት። ወንዙ ይህን አየና ተቆጥቶ ጅቡን ከወፍጮው ሥር አሰረው። ያው ጅብ እስከ ዛሬ ድንጋዩን ያዞራል፤ እህል ሲወርድለት ያጉረመርማል፣ ሲያልቅበት ጥርሱን ያፋጫል፣ በየምሽቱም ለማምለጥ አዲስ ተንኮል ያስባል። አባባ ወሬው ሲጥም ድንገት ያቋርጡና ዓይን ዓይኔን እያዩ «እስቲ ስሚው፣ አሁንስ ምን ይላል?» ይሉኛል። «እያጉረመረመ ነው» ካልኩ ይቀጥላሉ። «ጥርሱን እያፋጨ ነው» ካልኩ ብድግ ብለው ከድንጋዩ በላይ በተንጠለጠለው ቅርጫት እህል ይጨምራሉ። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ነገሩን በዓይኔ ካላየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ጅቡ አይሰጥምም? ማንስ ይፈታዋል? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀሚሴን ሰብስቤ በድንጋዮቹ መሃል ሾልኬ ከወለሉ ሥር ገባሁ። ወይ ጉድ! ጅብ የለ፣ ሰንሰለት የለ። ውሃው ከቦዩ ተወርውሮ የእንጨት መዘውር ይመታል፣ መዘውሩ ይዞራል፣ መሃሉ ላይ የቆመው ግንድ ወለሉን አልፎ ድንጋዩን ያዞራል። ለካ ይኼ ነው! ከራስ እስከ እግሬ ርሼ ወጣሁ፤ ማታ በሴቶቹ ፊት አባባን እስካጋልጣቸው ቸኮልኩ።

በዚያው ማታ አጎቴ ሽመልስ ከሞላሌ መጥቶ ደጅ ቆሞ ከሰው ጋር ያወራል። ውስጥ ተረቱ ደርቷል። በመሃል ድንጋዩ መጮህ ጀመረ፤ እህሉ አልቋል፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። አባባ አልተነሱም። ፈገግ እንዳሉ ከንፈሬን እያዩ «አሁንስ ምን ይላል?» አሉኝ። «ጅብ የለም» ልል የከፈትኩት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። አልሰሙትም! ያ ሁሉ ጩኸት እሳቸው ጆሮ አልደረሰም።

«ርቦታል፣ አባባ! ጥርሱን እያፋጨ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ብድግ አሉ። አጎቴ ጩኸቱን ሰምቶ አንገቱን ሲያስገባ አባባ እህሉን እየጨመሩ ደረሰባቸው። «ይኼ ጅብ ዛሬም አልሞተም?» ብሎ ስቆ ወደ ወሬው ተመለሰ።

ዕረፍቴ አልቆ የምመለስ ዕለት ጨነቀኝ። እኔ ስሄድ ማን ይነግራቸዋል? ቢቸግረኝ ገብስ ሊያስፈጩ የመጡትን ጎረቤታችንን እትዬ አስካለን ጎትቼ አወጣኋቸውና፣ ለአጎቴ እንዳይናገሩ በማርያም ለምኜ፣ አባባ እንደማይሰሙ ነገርኳቸው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«አይ ልጄ! አንቺ ሳትመጪስ ማን የሚመልስላቸው መስሎሽ ነው?»

ለካ ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ! ተራቸውን የሚጠብቁ መስለው ጅቡን ይሰሙላቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ አባባ ሞላሌ ሳይወሰዱ፣ ቦዩም ሳይደፈን፣ በዚያው ቤት አረፉ። ማወቃችንን ያውቁ ነበር ወይ? ይኼን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

አሁን ያን ቤትና ወፍጮ የሩቅ ሰው ሁሉ ሊያየው ይመጣል። ባለፈው ስሄድ የአጎቴ ልጅ ለእንግዶቹ ስለ መዘውሩ ሲያስረዳ ድንጋዩ ጮኸ፤ አጠገቤ የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ ደንግጣ ቀሚሴን ያዘችና «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«ርቦት ነው» አልኳት።