የመዝጋቢዋ እጅ

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል የምትሠራውን ሴት ሁሉም «እትዬ ሜትር» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ዘበኛው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በልብስ ሰፊ ሜትር የሰው ጭንቅላት ስትለካ ኖራ ሌላ ምን ትባል? ከአፍንጫ ሥር እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ትለካለች፤ በቀይ እርሳስ ነጥብ ነጥብ ታደርጋለች፤ በየነጥቡ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፣ ሽቦ የተቀጠለባት ብረት በቅባት ትለጥፋለች። ከዚያ በኋላ አንጎል ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ስክሪኑ ላይ ሞገድ ሞገድ እየሠራ ይሄዳል፤ እሷ የዚህ ሞገድ መዝጋቢ ናት።

«የማስበው ይታይሻል እንዴ?» የማይላት በሽተኛ የለም።

«ቢታይማ ኖሮ ባል አልመርጥበትም ነበር?» ትላለች።

ይስቃሉ። ሳቁ እንዳለቀ ግን «በሉ አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ እንዳይናገሩ» ማለት አለባት፤ የሚናገር መንጋጋ መስመሩን ያበላሸዋል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ዋለች ቢባል፣ የዋለችው ዓይኑን ከጨፈነና አፉን ከዘጋ ሰው ጋር ነው። ቤቷ ስትገባ የሚያናግራት ሬዲዮው ነው፤ እሱም መልስ አይጠብቅም። ከዚህ የባሰ ብቸኝነት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ስልኳ የሚጮኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ታላቅ ወንድሟ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሱ የአሥራ ሰባት፣ እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ትምህርቱን ትቶ፣ አናጢ ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። «ሚጣ፣ በላሽ?» ይላታል። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፤ ሚጣ የሚላት ግን በዓለም ላይ እሱ አንድ ሰው ብቻ ነው። «በላሁ፣ ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። ብዙውን ጊዜ አልበላችም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ወንድሟ እንጨት እየላገ ሳለ ልቡ ቆመ። ልቡን መለሱለት፤ እሱ ግን አልነቃም። ከዚያ ወዲህ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ተኝቶ በማሽን ይተነፍሳል። ሐኪሙ ሞገድ ማንበብ የተማረው ከእሷ ነው፤ ፊት ለፊቷ ቆሞ መናገር ከበደው።

«እትዬ፣ ሌላው ምርመራ ሁሉ ተስፋ አልሰጠንም። የቀረን የእርስዎ ነው። ለድምፅ መልስ ከሰጠ እንጠብቃለን። ካልሰጠ ግን መተንፈሻውን ስለማንሳት መነጋገር ሊኖርብን ነው። ከሌላ ሆስፒታል መዝጋቢ ላስመጣ?»

«የወንድሜን ጭንቅላት ሌላ ሰው አይለካውም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት መሣሪያዋን እየገፋች ወጣች። ስንቱን ስትለካ ኖራ የእሱን ጭንቅላት ለክታ አታውቅም ነበር። ከግራ ጆሮው ጀርባ፣ ሃምሳ ዓመት እርሳስ የሰካበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል። ቁልፎቿን አንድ በአንድ ለጠፈች፤ መሣሪያውን አስነሣች። መስመሮቹ ተኝተዋል። አጨበጨበች፤ ምንም የለም። ጥፍሩን ጫን አለችው፤ ምንም የለም። ከዚያ ጎንበስ ብላ «ወንድም ጋሼ» አለችው።

ከግራ ጆሮው አካባቢ የሚመጡት መስመሮች ቀስ ብለው ተነሡ፤ ሞገድ ሠርተው ተመልሰው ተኙ።

ደግማ ጠራችው፤ ደግመው ተነሡ። ሦስተኛም ጠራችው፤ አሁንም ተነሡ። እንባዋ ዝርግፍ አለ፤ አላፈረችበትም። ለሐኪሙ ልትደውል ስልኩን ስትፈልግ ነው ዓይኗ ቀኝ እጇ ላይ ያረፈው። እጇ ጭንቅላቱ ላይ ነበር። አውራ ጣቷ ከጆሮው ጀርባ፣ ከዚያች ከጎደጎደችው ቦታ ላይ ነው። የሚንቀጠቀጠውን በሽተኛ ሁሉ የምታረጋጋው እንደዚህ እየደባበሰች ነው፤ እጇ ሳይጠየቅ የሚሄድበት ቦታ ነው። የተነካ ሽቦ ደግሞ ሞገድ ይሠራል። በእሷ ሥራ በሽተኛው ቢያስል፣ ዓይኑን ቢያርገበግብ፣ ቢነካ ሁሉ ከሆነበት ደቂቃ አጠገብ ይጻፋል። ስንቱን ተማሪ በዚህ ስትቆጣ ኖራለች።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሐኪሙ የሚያነበው እሷ የሰጠችውን ነው። ዝም ብትል ወንድሟ ወር ይተነፍሳል፤ ምናልባት ሁለት ወር። ቅዳሜ ስልኩ ባይጮህም የምትጠይቀው ሰው ይኖራታል። ይህን ሁሉ አሰበች። ክፉ ሰው ስለሆነች አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለሌላት ነው።

ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተጫነቻቸው።

«ወንድም ጋሼ።»

መስመሮቹ እንደተኙ ናቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ አልበላሁም። ሁልጊዜ እየዋሸሁህ ነው።»

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። መስመሮቹ አልተነሡም። ድምፅ ሳታሰማ አውራ ጣቷን ከጆሮው ጀርባ መልሳ ዳበሰችው፤ ወዲያው ተነሡ። ወደ መሣሪያው ዞራ በሦስቱም በአሁኑም ቦታ «የመዝጋቢዋ እጅ» ብላ ጻፈች። ምዝገባው ሊያልቅ በደንቡ ገና ዘጠኝ ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ምድር ቤት ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠና አነበበ። አራቱ ማስታወሻዎች ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ ቀና ብሎም አየት አደረጋት፤ ንባቡንም ቀጠለ። መጨረሻው ላይ ግን ግንባሩን ቋጠረ።

«እትዬ፣ ይሄ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ የሚሄደው ሞገድ ምንድን ነው? እዚህ ጋ ምንም አልጻፉም።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሳትጽፍ ያለፈችው ይህን ብቻ ነበር።

«እሱም እጄ ነው» አለች። «አሁን እጽፈዋለሁ።»