ደወሉን የመታችው አህያ

ዳባት ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ አንድ ሐሳብ እረፍት ነሣኝ። ከትምህርት ቤቱ በታች በሚወርደው ጅረት ትንንሽ ዓሦች አሉ። የአካባቢው ገበሬ ፀረ አረም ረጭቶ ሲጨርስ መርጫውን የሚያጥበው እዚያው ነበር። ይህን እንዲተው ፈለግሁ፤ መንገዴም ተማሪዎቼ ነበሩ።

ሰሌዳው ላይ ዓሣ ሣልኩ፤ ጉበቱን በቀይ ጠመኔ አደመቅሁት።

«አንዳንድ ኬሚካል ዓሣውን ወዲያው አይገድለውም» አልኩ። «የሰውነቱን መልእክተኛ፣ ሆርሞኑን፣ መስሎ ይገባና ‹ስብ አከማች› ብሎ ያዛል። ዓሣው ማቃጠል የነበረበትን ስብ ያጠራቅማል።»

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ታዲያ ቲቸር፣ መስባት ምን ክፋት አለው? አባቴ በሬ የሚያሰባው በስንት ድካም ነው። ዓሣው በነፃ ከሰባ እሰየው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጉበቱ ይታመማል ብል ማን ይስማኝ!

በማግስቱ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይጋመስ ደወሉ ጮኸ። ደወላችን ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ መምቻው ብረት አጠገቡ ታስሯል። ተማሪው ደብተሩን ሰብስቦ ግር ብሎ ወጣ። ብንሮጥ አንዲት አህያ ጀርባዋን ቸርኬው ላይ ታክካለች፤ በተወዛወዘ ቁጥር ከብረቱ ጋር ይላተማል።

ርዕሰ መምህሩ ተቆጡ፤ እኔ በደስታ ዘለልኩ።

«ዓሣው ይኸው! ደወሉ አልተበላሸም። እናንተም አላጠፋችሁም፤ ደወል ሰምታችሁ ወጣችሁ። ጥፋቱ የደወለችው አህያ መሆኗ ነው! ጉበቱም ኬሚካሉ ያለ ጊዜው ‹አከማች› ሲለው ያከማቻል፤ በስብ ተጨናንቆ ይታመማል።»

«አሃ!» አለች ያችው ልጅ። «አባቴ ጅረቱ ላይ አህያ ለቋላ!»

በሳምንቱ አባቷ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ።

«መምህር፣ ልጄ ጅረቱ ላይ አህያ ለቀሃል ትለኛለች። እኔ አህያ ከሸጥሁ ስንት ጊዜዬ!»

አስቀመጥኋቸውና ቸርኬውን፣ ዓሣውን፣ ጉበቱን እንደገና ሣልኩ። የኛን ጅረት ዓሦች እንዳልመረመርሁም ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እንግዲህ ‹አህያው አንተ ነህ› በለኛ!»

ደነገጥኩ። «ኧረ አባቴ፣ እርስዎን አይደለም፤ መርጫዎን ነው!»

እየሳቁ ተነሡ። «እሱንማ አስረዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ በክፍሉ መስኮት አየኋቸው፤ መርጫውን አዝለው፣ ከጅረቱ በጀሪካን ውኃ ቀድተው ወደ ማሳቸው ይወጣሉ። እዚያው ማሳቸው መሐል አጠቡት። ትምህርቱን አቋርጬ ጮኽሁ፦

«ታሰረች!»

ተማሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ሮጠ፤ ልጅቷ ከሁሉም ፊት።