የዶትሴ አውራ ጣት

ዶትሴ በኬታ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በጎረምሳነቱ ከእኩያው ከፎሊ ጋር የባሕር ወፍ በወጥመድ እየያዘ ጠብሶ በልቷል። ጎልምሶ ግን አንድ ቀን ከወጥመዱ ያወጣት ወፍ እጁ ላይ ላባና አጥንት ብቻ ሆነችበት። ባሕርና በረሃ አቋርጣ ስትመጣ ሥጋዋን መንገድ ላይ ጨርሳዋለች። ከዚያ ወዲያ ወፍ አልያዘም። ከመንደሩ በስተምሥራቅ ያለውን የአባቱን ረግረግ፣ መንገደኞቹ ወፎች ትል ለቅመው አካላቸውን የሚመልሱበትን ጭቃ፣ ማንም እንዳይረግጠው ይጠብቅ ጀመር።

ሰዉ «የወፍ ባል» እያለ ይቀልድበታል። እሱም «የኔዎቹስ በየዓመቱ ሄደው በየዓመቱ ይመጣሉ፤ የናንተዎቹ አንዴ ቢሄዱ የሚመለሱ ይመስላችኋል?» ይላል።

ፎሊ ብቻ አልቀለደበትም። የዶትሴ ሚስት ስትሞት ሣጥኗን የተሸከመ፣ ልጁን ኤሲናምን ቆሞ የዳረለት እሱ ነው። ከሁለቱ ፊደል የቆጠረውም እሱ ስለሆነ፣ ለዶትሴ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በፎሊ አፍ ይነበብ ነበር።

ስድሳውን ሲያልፍ የዶትሴን ዓይን ሞራ ጋረደው። ወፎቹን በድምፃቸው መለየት ያዘ። በዚያው ሰሞን ሐይቁ ዳር መዝናኛ ሊሠሩ የፈለጉ ሰዎች መጥተው መሬት ሲጠይቁ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ እሺ ሲሉ እሱ ብቻ እምቢ አለ።

ለሕክምና ወደ ሆ ከተማ በሚሄድበት ጠዋት ፎሊ ወረቀት ይዞ መጣ። ረግረጉ ለወፎቹ እንደተከለለ የሚያጸና ነው፣ አንተ በሌለህበት እንዳይነኩት ፈርምበት አለው። ዶትሴ አላመነታም። አውራ ጣቱን ይዞ ቀለም ያስነካለትም ፎሊ ራሱ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞራው ተገፎለት ሲመለስ ወፎቹ ከሰሜን ገብተው ነበር። ረግረጉ ግን ቀይ አፈር ተደፍቶበት ተደልድሏል። ወፎቹ አፈሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ በምንቃራቸው ይወጋሉ፤ አይገባላቸውም።

የመንደሩ ሽማግሌዎች የሽያጩን ውል አወጡለት። ጣቱ ታትሞበታል።

ዶትሴ ፎሊ ቤት ሲደርስ፣ ፎሊ ይበላው የነበረውን የበቆሎ ገንፎ፣ አክፕሌውን፣ ትቶ ተነሣ፤ እጁንም ሳይታጠብ በርጩማ አቀረበለት። ዶትሴ አልተቀመጠም።

«ምን ብለህ ነው ያነበብክልኝ?»

«ያልተጻፈውን» አለ ፎሊ፣ መሬት መሬት እያየ። «ዓይንህ ቢያይ እሺ አትልም ነበር። ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ። መንደሩ ሁሉ ተስማምቶ አንተ ብቻ ቀረህ።»

«ሌላ ሰው ቢልኩብኝ አንገቴን እንጂ ጣቴን አልሰጥም ነበር። ይህን አውቀው ነው አንተን የላኩህ።»

«አውቃለሁ» አለ ፎሊ።

ኤሲናም እንክሰሰው ብላ ብዙ ለመነችው። ዶትሴ ግን ዳኛ ፊት ቆሞ «ይህ ሰው ወዳጄ ነበር» ማለቱ ከመሬቱ ይልቅ ከበደው። በዚያ ዓመት የተረፉትን ወፎች ፍለጋ ታንኳውን እየቀዘፈ እስከ ሐይቁ ማዶ ሄደ። ጥቂት አገኘ።

በተከታዩ ዓመት ፎሊ ታሞ ተኛ። ዶትሴ ሄዶ ጠየቀው፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እግዜር ይማርህ» አለው። የፎሊ ሚስት እንደ ወጉ፣ እንግዳ በሰላም መምጣቱን ጠጥቶ የሚያሳይበትን ውሃ በቅል አቀረበችለት። ተቀብሎ ጥቂት ያዘውና፣ ሳይቀምስ መልሶላት ሄደ።