ሐጂ ይማም ያልፈቱት እንቆቅልሽ

ጎንደር፣ ማለዳ

ከጎንደር የተነሣሁት የማልወደውን ፕሮጀክተር ታቅፌ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ንግግር ብዬ ገዛሁት፤ በመካከሉ መብራት ጠፋና አድማጮቼ ሲያዛጉ ከማየት ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ከቁም ሣጥኑ አናት ወርዶ አያውቅም። ያወረደችው ገዳሪፍ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ስንዱ ናት።

ስንዱ ሱዳን ለተወለዱ የእኛ ሰዎች ልጆች ከሰዓት በኋላ አማርኛ ታስተምራለች። ልጆቹ ጠዋት በዐረብኛ ሲማሩ ያረፍዳሉ።

«ሠላሳ ተመዝግበው ዘጠኝ ይመጣሉ» አለችኝ በስልክ። «ክፍሉን በነጻ የሰጡን ሐጂ ይማም ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። አዝመራው ደረሰ። ‹ዘጠኝ ልጅ ከሚያንቀላፋበት ጆንያ ይተኛበት› እያሉ ነው። ዐርብ መጥተው አይተው ይወስናሉ። ጋሼ፣ ያንን ማሽን ይዘህልኝ ና።»

«ጠመኔ ጠፋ?»

«ጠመኔውማ ሞልቷል። የጠፉት ልጆቹ ናቸው።»

ዓመታት እንዳስተማረ ሰው፣ ያንቀላፋን ተማሪ መብራት አይቀሰቅሰውም ብዬ አምናለሁ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ይህንኑ በዓይኔ ለማረጋገጥ ነው።

መተማ፣ ቀትር

አውቶቡሱ ቆላ በወረደ ቁጥር ተሳፋሪው ልብስ ይቀንሳል። አዘዞ ላይ ጋቢ የደረበው የወንበር ጎረቤቴ ሸኸዲ ስንደርስ በካናቴራ ቀርቶ ነበር። መተማ ላይ አንድ ፈታሽ ሻንጣዬን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ግድግዳ ላይ ሥዕል የሚያሳይ ነው።»

«ፊልም ቤት ልትከፍት ነው?»

«ለትምህርት ቤት ነው።»

«እንግዲያ ማን ይመጣልሃል?» አለና ዘጋው። ከሰማኋቸው የትምህርት ባለሙያዎች ሁሉ ንግግሩ አጭሩ እሱ ነው።

ገላባት – ገዳሪፍ

ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ገላባት ላይ ፉል በላሁ፤ የሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርትና አይብ በላዩ ፈሶበት፣ ትኩስ ዳቦ ከጎኑ። ዋጋው ጎንደር ከምጠጣው ማኪያቶ እምብዛም አይበልጥም፤ እስከ ማታ ግን አያስርብም።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው። ጥቁር አፈር፣ ማሽላ፣ ደግሞ ማሽላ። መሀል መሀሉን ታጭዶ የታሰረ ሰሊጥ እንደ ትናንሽ ጎጆ ቆሞ ይደርቃል። በገዳሪፉ አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጠው የጋይንት ሰው ለአጨዳ እየሄደ ነበር።

«ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም» አለኝ። «ቀኑ ካለፈበት አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል።»

የገዳሪፍ ትልቁ የእህል ጎተራ ከሩቅ ሲታይ ስልክ አውጥቶ ፎቶ አነሣው። እኔ ስልክ የማወጣው ሲደወል ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት

ዘጠኙ መጡ። ስንዱ ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን ሲዲ ከፈትን። አንዲት የካርቱን በግ ብቅ አለችና በማር ድምፅ «ልጆች፣ ፊደል እንማር!» አለች። ልጆቹ የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ናቸው። ከኋላ አንዱ «ኻላስ!» አለ፤ በቃን ማለቱ ነው። በጓም እንደበቃት ያስታውቅ ነበር።

ደስ አለኝ። ትክክል ሆኖ መገኘት በእኔ ዕድሜ ከሚቀሩት ጥቂት ደስታዎች አንዱ ነው።

ያኔ ስንዱ ሰልማ የምትባለውን የጋራዥ ሠራተኛ ልጅ ከዴስኩ ሥር ስልክ ስትነካካ ያዘቻት። ነጥቃ ስታየው ጠጋ ተብሎ የተነሣ አንድ ጠጉራም ነገር አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንቺ ገምቺ!» አለች ሰልማ።

ስንዱ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ስልኩን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘችው። ጠጉራሙ ነገር ግድግዳውን ሞላ። ክፍሉ ተንጫጫ። ድመት! ምንጣፍ! የባለሱቁ የዓሚ ዑስማን ጢም! የአህያ ጆሮ ነበር።

«ነገ ሁላችሁም አንድ ነገር በጣም ተጠግታችሁ አንሡና እንቆቅልሽ ሥሩለት» አለች ስንዱ። «በአማርኛ። መልሱን በዐረብኛ የተናገረ አገር ይሰጣል!»

አንባቢ ያውቀዋል፤ እንቆቅልሽ ያልፈታ ሰው ለጠያቂው አገር ይሰጣል። ልጆቹ ግን አላወቁትም ነበርና «የማንን አገር?» ብለው ጠየቁ። እኔም አስቤው አላውቅም።

ዐርብ፣ ከጸሎት በኋላ

ወሬው ሰፈሩን ዞሮ ሃያ ስድስት ልጆች መጡ። መስኮቱን በሰሊጥ ጆንያ ጋረድነው። ግድግዳው ሻካራ ስለሆነ የጎረቤት ነጭ ጀለቢያ ሰቀልንበት፤ ኪሱ ሥዕሉ መሀል ላይ ቀረ። ሐጂ ይማም ከወላጆች ጋር ገብተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

ሰልማ ተነሣች። «እንቆቅልህ!»

«እንዴ፣ አንቱ በያቸው እንጂ!» አለች ስንዱ ደንግጣ።

«ተያት» አሉ ሐጂ። «ጨዋታ ላይ አንቱታ የለም። ምን አውቅልሽ!»

«ሲጠማው አፉን ይከፍታል፣ ሲገለብጡት ጥርሱን ያፈሳል።»

ጀለቢያው ላይ አፉን የከፈተ ደረቅ ነገር ተንሰራፋ። ሐጂ ዓይናቸውን አጠበቡ።

«የወፍ ጫጩት።»

«አይደለም!»

«አዞ ነው፤ ወላሂ አዞ ነው!»

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ሦስተኛ ግምት አልነበራቸውም። «እሺ፣ ጎንደርን ሰጥቼሻለሁ» አሉ በኩራት። «ንገሪኝ።»

ሰልማ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ጎንደርን አላየሁትም» አለች። «ያንተም አይደለም። ይሄ ክፍል ነው ያንተ። እሱን ስጠኝ።»

ሳቁ ቆመ። ስንዱ ጠመኔዋን ጨብጣ ቀረች። ሐጂ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አቆሙ።

«መልሱን መጀመሪያ።»

ሰልማ መስኮቱ ላይ ወደተሰቀለው ጆንያ አመለከተች። «ሲምሲም ነዋ!» ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ በዐረብኛ አምልጧታል። «ሰሊጥ! ሰሊጥ ማለቴ ነው!»

ሐጂ ከዘራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት የሸጥኩትን! ሰዎች፣ ይህን ለገበያተኛው እንዳትነግሩብኝ! አንቺም አገር አለብሽ፤ በዐረብኛ ተናግረሻል። እንግዲህ ክፍሉ እስከ መጪው ዐርብ ያንቺ ነው። ያን ቀን እኔ እጠይቃለሁ። ካልፈታችሁ ጆንያዬ ይገባል።»

«ብንፈታስ?»

«እስከ ቀጣዩ ዐርብ።»

መልስ

ቅዳሜ ፕሮጀክተሩን ለስንዱ ትቼ ስመለስ ሻንጣዬ ቀሎኝ ነበር። የመተማው ፈታሽ አወቀኝ። «ፊልም ቤቱ ከሰረ?» አለ። «ሞልቶ ቦታ አጣሁ» አልኩት።

ስለ መሣሪያው ያለኝን ሐሳብ አልለወጥኩም። በጓ አሁንም በግ ናት። ልጆቹን ያስመጣው ማሳየቱ ሳይሆን መጠየቁ ነው፤ ዋናው ደግሞ ትልቅ ሰው ፊታቸው መሸነፉ። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት አንድም ቀን ተሸንፌ አላውቅም። ተማሪዎቼ ለምን እንዳዛጉ የገባኝ ገዳሪፍ ሄጄ ነው።

ቤቴ እንደገባሁ ስንዱ ደወለች። ሠላሳው ሁሉ መጥተው ወንበር ጠፍቷል፤ ሐጂ ደግሞ ገበያ መሀል የግመል አፍንጫ ፎቶ ሲያነሡ ታይተዋል።

«አንተም አንድ ላክልን እንጂ ጋሼ» አለችኝ።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አልገባም» አልኳት።

ባለቤቴ ያገኘችኝ ማለዳ ላይ ነው፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ስልኬን የበሩ ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ደቅኜ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ዝም በይ» አልኳት። «እንቆቅልሽ!»